የቅጠል ለቃሚዎቹ መንገድ፦ በእንጦጦ ጫካ ብስክሌት ለሚነዱ

 የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ እንጦጦ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈለትም። አስፋልቱ ዳር አንድ ብስክሌተኛ ቆሟል። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ጫካውን ያያል። ስልኩ ላይ የሚታየው አስፋልቱ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ባዶ አረንጓዴ ቀለም። ከዚያ ባዶ ከተባለው አረንጓዴ ውስጥ አንዲት እናት የቅጠል ሸክማቸውን እንዳዘሉ ብቅ ይላሉ፤ አስፋልቱን ያቋርጡና በማዶ በኩል ቁልቁል ይሰወራሉ። እንዲህ ያለው ነገር በእንጦጦ የየዕለት ትዕይንት ነው። ካርታው መንገድ የለበትም ባለው ቦታ ላይ እኚያ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላልሰውበታል።

ብዙም ያልታወቁ የተራራ ብስክሌት መንገዶች እንዴት ይገኛሉ? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። መልሱም የሚጀምረው ከእኚያ እናት እግር ነው። በእንጦጦ ጋራ ላይ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልግም። የተቀደደው መንገድ ብዙ ነው። ብስክሌተኛው ሊማር የሚገባው መንገዱን ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣው፣ ወዴት እንደሚያደርስና በእንግድነት እንዴት እንደሚታለፍበት ነው።

ስፖርቱ ራሱ የተወለደው ለሌላ ሥራ በተጠረገ መንገድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ ማሪን በምትባል አካባቢ፣ ጥቂት ወጣቶች ያረጁና የከበዱ ብስክሌቶችን ከየጓዳው እያወጡ ወደ ተራራ ይዘው ይወጡ ጀመር። የሚወርዱበት መንገድ ጫካ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖች እንዲያልፉበት የተሠራ የአፈር መንገድ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የመጀመሪያውን የቁልቁለት ውድድር አካሄዱ፤ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል የሚወርድ ጎዳና ነበር። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ስለነበረ፣ ታች እስኪደረስ ድረስ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደገና መሞላት አለበት። ውድድሩም ከዚህ የተነሣ «ሪፓክ» ተባለ፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ጆ ብሪዝ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ኋላ ስማቸው ከስፖርቱ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ሆነ። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ መድረክ ላይ ደረሰ።

የማሪን ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ብስክሌተኞቹ እየበዙ ሲሄዱ ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር መጋጨት ጀመሩ። ብዙ ጠባብ የጫካ መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ፤ ክፍት በቀሩትም ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ሲመሠረት ዋና ሥራው ብስክሌተኛው ከሌላው መንገደኛ ጋር ተከባብሮ የሚኖርበትን ሥርዓት ማበጀት ነበር። ይህን ነጥብ አድማጮቻችን ያዙልን፤ ወደ እንጦጦ ይዘነው እንመለሳለን።

የእንጦጦ ጫካ በመንገድ የተሸረበበት ምክንያት በታሪኩ ውስጥ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን በዚህ ጋራ ላይ አደረጉ፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥት፣ ሠራዊትና ሕዝብ ሲሰፍር የማገዶው ነገር ከባድ ሆነ። በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ እየተጨፈጨፈ አለቀ። የእንጨቱ ችግር ከመባሱ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለአጣና ይደርሳል።

ዛፉ ጋራው ላይ፣ ምጣዱ ከተማው ውስጥ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሠሩት የሴቶች እግሮች ናቸው። ጭራሮ ሰባሪዎችና ቅጠል ለቃሚዎች ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከእነሱ ሌላ ጠበልተኛው አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አለ፣ አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ አለ፣ ሌሊት ተነሥቶ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ የሚሮጥ አትሌት አለ። እያንዳንዱ የራሱ ዓይነት መንገድ አለው፤ ለብስክሌትም የሚመቸው ሁሉም አይደለም።

የፍለጋው የመጀመሪያ ሥራ ጋራው በየት በኩል እንደሚወርድ ማወቅ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውሃ ድንበር ነው። በደቡብ በኩል የዘነበው ዝናብ በከተማዋ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ሱሉልታ ወርዶ በሙገር በኩል አባይን ይቀላቀላል። ለብስክሌተኛ ይህ የጂኦግራፊ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጭጋግ ውስጥ አቅጣጫ የጠፋበት ሰው የትንሿን ጅረት አካሄድ ተከትሎ ቢወርድ ወይ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ፣ ወይ ሱሉልታ ሜዳ ይደርሳል። ብስክሌቱን ታች አቁሞ ለወጣ ሰው የሁለቱ ልዩነት የግማሽ ቀን ድካም ነው።

ካርታ ማንበብም እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአገራችን የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች ዘንድ የተለመደው መጠን 1 ለ50,000 ነው፤ በወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቡናማዎቹ ቀጫጭን መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በካርታው ግርጌ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። አንድ ብስክሌተኛ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ አምስት ጊዜ 20 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ ካየ፣ በ500 ሜትር ውስጥ 100 ሜትር ሊወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ለብዙው ሰው ብስክሌቱን መግፋት እንጂ መንዳት አይደለም። መስመሮቹ ተራርቀው፣ መንገዱም ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ካየ ግን እዚያ ላይ ምልክት ያድርግ።

በስልክ የሚገኙትም ካርታዎች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሣል ካርታ ነው። ከአስፋልት ሌላ የእግር መንገድንም በነጠብጣብ መስመር ያሳያል፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራም ሆኖ ስልክ ላይ ይጫናል። የሳተላይት ፎቶም ባሕር ዛፉ በቅርቡ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ያለውን መንገድ እንደ ቀይ ክር አጉልቶ ያወጣዋል። ዛፉ አድጎ ቅጠሉ ከተጋጠመ በኋላ ግን ያው መንገድ ከላይ አይታይም፤ ስለዚህ የቆየ ፎቶና አዲስ ፎቶ ማስተያየት ይበጃል።

ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ ሰዎች የሮጡበትንና የነዱበትን መስመር ሁሉ ሰብስቦ በሚያበራ ቀለም ያሳያል። ብዙ የተሄደበት ይደምቃል። ነገር ግን የሚደምቀው ስልክ ወይም የስፖርት ሰዓት ይዞ የሄደ ሰው መንገድ ነው። ዘወትር ጋራውን የሚወጡት እንጨት ተሸካሚ እናት እዚያ ላይ የሉም። በዚህ ካርታ ላይ ጨለማ የሆነ ጫካ፣ ሰው የማይረግጠው ጫካ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብስክሌቱን ቤት ትቶ በእግር መሄድ ነው። በፍጥነት ሲያልፉ የማይታይ ብዙ ነገር በእግር ይታያል።

መጀመሪያ የመንገዱን ቅርጽ ማየት ነው። የእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ መሬት ላይ ከአንድ ጫማ ስፋት ብዙ አይበልጥም። ወገብ አካባቢ ግን ሰፊ ነው። ሸክሙ ጀርባ ላይ አግድም ስለሚታሰር፣ ግራና ቀኝ ያለው ቁጥቋጦ በእንጨቱ ርዝመት ልክ ተሰባብሮና ተገፍቶ ይገኛል። ለብስክሌት መሪ ከበቂ በላይ ነው። በየተወሰነ ርቀት ወገብ ያህል ከፍታ ያለው ድንጋይ ወይም የመሬት ጠርዝ አጠገብ መሬቱ ተረግጦ ይጠጥራል፤ ሸክምን ሳይጎነበሱ አስደግፈው የሚያርፉበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ፍጥነት ይቀነሳል፤ ሰው ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ መሬቱን ማየት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት የተከመረበት ቦታ ጎማ ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ጉቶም ሊደበቅ ይችላል። ቅጠል ለቃሚዎች የጠረጉት መሬት ግን ንጹሕ ነው፤ የመጥረጊያው ጭረት ሳይቀር ይታያል። የጉቶው ነገር የዋዛ አይደለም። ከመንገዱ ጥግ ከስንዝር ያልበለጠ ጉቶ ፔዳልን ይይዝና ሰውን ከብስክሌቱ አሽቀንጥሮ ይጥላል። በእግር ሲሄዱ እያንዳንዱን ጉቶ ልብ ማለት፣ በየትኛው በኩል እንዳለ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የአህያ ፋንድያ መልካም ምልክት ነው። የተጫነች አህያ ቀጥ ያለ ዳገት አትወድም፤ ባለቤቷም እየጠማዘዘ ነው የሚነዳት። አህያ ያወጣችው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌትም ያወጣል። ደግሞም አህያ ከአንድ ቦታ ተነሥታ ሌላ ቦታ ትደርሳለች፤ መንገዱ ጫካ ውስጥ ገብቶ አይቀርም።

የማገዶ መንገድ እንደዚያ አይደለም። አካሄዱ እንደ ወንዝ ገባር ነው፤ ወደ ታች ሲኬድ ትናንሾቹ ይጋጠማሉ፣ ወደ ላይ ሲኬድ ይበተናሉ። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው በየደቂቃው መንታ መንገድ ያጋጥመዋል፤ ብዙዎቹ እንጨት በተሰበሰበበት ቦታ ላይ ያልቃሉ። ከላይ የሚወርድ ሰው ግን መንገዶቹ ሁሉ ወደ አንድ ሲሰበሰቡ ያያል። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈላጊ በታወቀው መንገድ ይወጣና በማይታወቀው፣ በእግሩ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የሚታየው ግን ውሃ ነው። ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ዝናብ ሲመጣ የውሃ ቦይ ይሆናል። በመጀመሪያው ክረምት ይሰረጎዳል፤ በሁለተኛው ሥር ያፈጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ቦረቦር ነው። የመንገድ ሠሪዎች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው፤ የመንገዱ ዳገት ጎኑ ካለው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተዳፋቱ በ10 ሜትር ውስጥ 4 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ መንገዱ በ10 ሜትር ከ2 ሜትር በላይ መውረድ አይገባውም። አጠቃላይ አማካዩ ደግሞ በ10 ሜትር 1 ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ይህን ልክ የጠበቀ መንገድ ተዳፋቱን በአግድም እያቋረጠ ይሄዳል፤ ውሃው በላዩ ተሻግሮ ይወርዳል እንጂ አብሮት አይሮጥም። ብስክሌተኛ ቦረቦር የሆነውን መንገድ ትቶ አግድሙን ቢመርጥ ለራሱም ይመቸዋል፣ ጋራውንም አይጎዳም። ከቦረቦሩ ጎን አዲስ አቋራጭ መክፈት ግን ሁለተኛ ቦረቦር መቆፈር ነው።

ሦስተኛው ሥራ መጠየቅ ነው፤ መጠየቅም የራሱ ዘዴ አለው። «በዚህ መንገድ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ «አዎ፣ አለ» ነው። «ሩቅ ነው?» ካለም «እዚችው ጋ ነው» ይባላል። እዚችው ጋ የተባለው ለለመደ እግር የአንድ ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ተጨባጭ ይሁን። «ይሄ መንገድ ወዴት ያወጣል?» «አህያ ያልፍበታል?» «ክረምት ላይ ይኬድበታል?» «እርስዎ በስንት ሰዓት ተነሥተው ነው እዚህ የደረሱት?» እነዚህ አራቱ ከማንኛውም ስልክ የበለጠ ይናገራሉ።

በሰሜን ተዳፋትና በሱሉልታ በኩል የብዙው ሰው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ «ካራ» ማለት መንገድ መሆኑን ማወቅ ብዙ በር ይከፍታል። በቅድሚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ። ከብስክሌት ላይ ሆኖ እየጮኹ መጠየቅ ነውር ነው፤ ወርዶ፣ ሄልሜትን አውልቆ ነው።

የማሪኑን ትምህርት የምናስታውሰው እዚህ ላይ ነው። እንጨት የተሸከሙ እናት በጠባብ መንገድ ላይ ሲያጋጥሙ፣ ገለል ይበሉልኝ ማለት አይቻልም። ሸክሙ አግድም ነው፣ ዞር ማለት አይችሉም፤ አንዴ ከቆሙና ከተዘናጉ መልሶ ለመነሣት ከባድ ነው። ብስክሌተኛው ከሩቅ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ከመንገዱ አንሥቶ ያወጣል፣ «በርቱ እናቴ» ብሎ ያሳልፋል። ደወል መደወል ከኋላ ሆኖ ማስደንገጥ ይሆናል፤ ድምፅን አሰምቶ ቀስ ብሎ መቅረብ ይሻላል። በወሩ 21 ቀን በእንጦጦ ማርያም፣ በወሩ መባቻ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ሕዝብ ብዙ ነው። በእነዚያ ዕለታት ከአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ ራቅ ማለት፣ በሌላውም ቀን በቅጽሩ አጠገብ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ተገቢ ነው።

ጫካውም ባለቤት አለው። ከፊሉ የመንግሥት፣ ከፊሉ የገበሬ፣ ከፊሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የራሱ የብስክሌት መንገዶች አሉት፤ ለጀማሪ ሰው ከዚያ መጀመር ብልህነት ነው። የጉለሌ የእጽዋት ማዕከልም በዚሁ የጋራ ሰንሰለት ላይ ሆኖ የራሱ በርና ደንብ አለው። አጥር ካለ፣ ጥበቃ ካለ፣ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከእንጦጦ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትውፊት እንደሚነገረው ደኑን በ15ኛው መቶ ዓመት ያስተከሉትና ያስጠበቁት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እዚያ ያለው ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ እንደ ባሕር ዛፍ ቆርጠው የሚያበቅሉት አይደለም። ከተፈቀደው መንገድ በእርምጃ እንኳ መውጣት አይገባም፤ ከመንገዱ ጥግም ችግኝ ይበቅላል። ጉሬዛው ከላይ፣ የምኒልክ ድኩላ ከታች በሚኖሩበት ደን ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት ለዓይንም ትርፍ አለው።

ስለ ወቅትና ስለ ዝግጅት ባጭሩ እንናገር። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለእንጦጦ ጥሩ ነው፤ መሬቱ ጠንክሯል፣ አቧራው ገና አልበዛም። በክረምት ቀዩ አፈር ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ የሰረጎደው የጎማ ፈለግም ሲደርቅ እንደዚያው ቀርቶ የሰው ቁርጭምጭሚት ይወለምበታል። ጎማው መስመጥ ከጀመረ መመለስ ነው። በ3,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ስለሆነ፣ በተለይ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ ያሳልፍ። ሄልሜት፣ ውሃ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ፖምፓና የቁስል ማሰሪያ አይረሱም። ለጫካ መንገድ ጎማው ውስጥ ያለውን ነፋስ ቀነስ ማድረግ አያያዙን ያሻሽላል። ብቻን አለመሄድ፣ የሚሄዱበትንም ቦታ ለቤተሰብ መናገር ግድ ነው። ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጨለማውም ፈጥኖ ይመጣል፤ ጋራው ደግሞ ጅብ አለበት። ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ መንገድ አይጀመርም።

የተገኘውን መንገድ ለሌላው ማካፈልስ? እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የስትራቫ ካርታ በሩቅ አገር ያሉ ወታደሮች የሚሮጡበትን መስመር በማሳየቱ፣ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ ለዓለም አጋልጦ ብዙ አነጋግሮ ነበር። የእንጦጦው ጉዳይ ከዚያ ቢያንስም፣ መስመሩን ከመልቀቅ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ነገ ሠላሳ ብስክሌት በዚህ ቢወርድ በዚህ የሚሄዱት ተሸካሚዎች ምን ይሆናሉ? በአህያ መንገድ ላይ ችግሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። አንድ ጫማ በሚሰፋው የቅጠል ለቃሚዎች መንገድ ላይ ግን መንገዱን በማስታወሻ ደብተር አቆይቶ ለሁለትና ለሦስት ጓደኛ በቃል መንገር ይበቃል።

ለማስታወሻ ደብተሩ የሚሆን አጻጻፍ ነግረናችሁ እንሰናበት። በቀጣዩ ቅዳሜ ብስክሌታችሁን ሳትይዙ፣ ከጓደኛ ጋር ወደ ጋራው ውጡ። አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ። በመጀመሪያው መስመር ላይ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያደርስ ጻፉ። በሁለተኛው፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደወሰደና አህያ ያልፍበት እንደሆነ። በሦስተኛው፣ ቦረቦርና ጉቶ ያለባቸውን ቦታዎች። በአራተኛው፣ በመንገዱ ላይ ያገኛችኋቸው ሰዎች ማን እንደነበሩና በስንት ሰዓት እንዳለፉ። ብስክሌቱን ይዛችሁ ስትመለሱ ያን ሰዓት አሳልፋችሁ ውጡ።